ኢስሊ ማን ይደር? የአንድ የናይሮቢ ሰፈር መቶ ዓመት ሲዳሰስ

በናይሮቢ መሀል ከተማ የኃይለ ሥላሴ ጎዳና አለ። ወደ ኪሊማኒ የሚወጣ ሰው ደግሞ የምኒልክን መንገድ ያገኛል። የነገሥታቱ ስም በከተማዋ ደህና ደህና ቦታ ላይ ተሰቅሏል። የአገራቸው ልጆች ግን በብዛት የሚኖሩት መንገዶቹ በቁጥር በሚጠሩበት ሰፈር ነው፦ አንደኛ አቬኑ፣ ሁለተኛ አቬኑ፣ አሥራ ሁለተኛ ስትሪት፣ ሴክሽን አንድ፣ ሴክሽን ሁለት፣ ሴክሽን ሦስት። ካርታው «ኢስትሊ» ይለዋል፤ ሐበሻውም ሶማሌውም «ኢስሊ» ብሎ አሳጥሮታል። ከመሀል ከተማ 6 ወይም 9 ቁጥር ማታቱ (የሕዝብ ሚኒባስ) የያዘ ሰው መንገዱ ካልተዘጋጋ ብዙም ሳይቆይ ይደርሳል።

ኢስሊ ከተቆረቆረ መቶ ዓመት አልፎታል። የታሪኩ ትልልቅ ቀኖች የትኞቹ ናቸው ተብሎ ሲጠየቅ ሦስት ዓይነት መልስ ይሰማል። ስለ ከተማ ፕላን የሚጽፉት በቅኝ ግዛት ዘመን መሬቱ ከተሸነሸነበት ቀን ይጀምራሉ። ስለ ንግድ የሚጽፉት ሶማሌዎች ሱቅ ከከፈቱበት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ይነሳሉ። ጋዜጦች ደግሞ ሰፈሩን የሚያስታውሱት ቦምብ ሲፈነዳ ወይም ፖሊስ ቤት ለቤት ሲፈትሽ ነው። ሦስቱም እውነት ይዘዋል። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ከሥራቸው አንድ የማያረጅ ጥያቄ ይወጣል፦ እዚህ ማን ይደር? ማንስ ይነግድ? በየትኛው ወረቀት? ይህ ዳሰሳ የሰፈሩን ዋና ዋና ቀኖች በዚህ ጥያቄ መነጽር ያያል። ዓመቶቹ «ዓ.ም.» ወይም የእኛ አቆጣጠር ተብለው ካልተለዩ በቀር የአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሐዲድና ሸንሻኝ

ናይሮቢ የባቡር ልጅ ናት። ከሞምባሳ የተነሳው ሐዲድ በ1899 እዚህ ረግረግ ላይ ሲደርስ የዕቃ ማራገፊያና የሠራተኛ ሰፈር ተተከለ፤ ብዙም ሳይቆይ የግዛቱ መቀመጫ ወደዚህ ተዛወረ። ከተማዋ ገና በእግሯ ሳትቆም ቸነፈር ደጋግሞ ገባባት። በ1913 የመጣው የእንግሊዝ የጤና ባለሙያ ሲምፕሰን መድኃኒቱ ነጩን፣ እስያዊውንና አፍሪካዊውን በየሰፈሩ መለየት ነው ብሎ መከረ። የበሽታ መከላከያ ተብሎ የቀረበው ምክር የሰው መከፋፈያ ሆነ።

በ1921 ናይሮቢ ኢስት ይባል የነበረው ሽንሽን መሬትና የኤገርተን ይዞታ አንድ ላይ ተጠቃለሉና ኢስትሊ ተወለደ። ስሙ በደቡብ እንግሊዝ ሃምፕሻየር ውስጥ ካለች የባቡር ከተማ የተወሰደ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው የእንግሊዝ መንግሥት የዴቮንሻየር ሰነድ በከተሞች በዘር ለይቶ ማስፈርን በሕግ ደረጃ አስቀረ ቢባልም፣ በተግባር ነጩ በምዕራቡ ከፍታ፣ ሕንዱ በኢስሊና በመሰል ሰፈሮች፣ ጥቁሩ በስተ ምሥራቅ በሚገኙት በፑምዋኒና በአካባቢው ቀረ። ኢስሊ ከተፈቀደላቸው ጥቂት አፍሪካውያን ጋር የሕንዶች ሰፈር ሆኖ አራት አሥርት ዓመት ቆየ።

ሶማሌው በ1991 የመጣ እንግዳ ነው የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ይወድቃል። የይስሐቅ ጎሳ ሶማሌዎች ከእንግሊዝ ጦርና ከከብት ንግድ ጋር ወደ ናይሮቢ የገቡት ከተማዋ ገና ጨቅላ ሳለች ነው። በ1919 የወጣ ልዩ ደንብ ከመካከላቸው አንዳንዶቹን ከ«አገሬው» ተራ አውጥቶ ሌላ መዝገብ ላይ አሰፈራቸው። በ1930ዎቹ ደግሞ እንደ እስያዊ እንቆጠር ብለው ለዓመታት ተከራከሩ። በዚያው ዘመን ተራው አፍሪካዊ አንገቱ ላይ ያንጠለጥል የነበረው ኪፓንዴን ነው። ይህ በ1915 ታውጆ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራ ላይ የዋለ የጣት አሻራና የቀጣሪ መዝገብ ሲሆን፣ በትንሽ ብረት መያዣ ታሽጎ ይዞራል። ያለ ኪፓንዴ በከተማ የተገኘ አፍሪካዊ ይታሰራል። እንግዲህ የኢስሊ ዕድሜና የመታወቂያ ፍተሻ ዕድሜ እኩያ ናቸው ማለት ይቻላል።

ካምፕ የተባለው መልስ

ከሰፈሩ አጠገብ ያለው አውሮፕላን ማረፊያ ኢስሊን ከኢትዮጵያ ጋር ከሱቆቹ በፊት ያገናኘ ቦታ ነው፤ ነገሩ ግን ከስደት ይጀምራል። ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረች ማግስት በሺዎች የሚቆጠሩ አርበኞች፣ ሲቪሎችና ከጣሊያን ጦር የከዱ ኤርትራውያን ወታደሮች በደቡብ በኩል ወደ ኬንያ ተሻገሩ። የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ናይሮቢ አላስገባቸውም። መጀመሪያ ኢሲዮሎ፣ ቀጥሎ ከታንጋኒካ ድንበር አጠገብ ታቬታ በካምፕ አኖራቸው። ስደተኛ በካምፕ እንጂ በከተማ አያድርም የሚለው ፖሊሲ ከዳዳብ የሶማሌ ስደተኞች ካምፕ ጋር የመጣ የሚመስለው ብዙ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቀድሞ የተሞከረው በእኛ ሰዎች ላይ ነበር።

በ1940 እና በ1941 ግን ነፋሱ ዞረ። የእንግሊዙ ጄኔራል ካኒንግሃም ጦር ዋና ማዘዣ ናይሮቢ ሆነ፤ የኢስሊ ማረፊያ የጦር አውሮፕላኖች መነሻ ሆኖ አገለገለ። ከኬንያ የተነሳው ጦር በሶማሊያ በኩል ዞሮ በኤፕሪል 6 ቀን 1941 አዲስ አበባ ገባ። ከአንድ ወር በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ንጉሠ ነገሥቱ በጎጃም በኩል መጥተው ከተማቸው ገቡ።

ከጦርነቱ በኋላ ማረፊያው የናይሮቢ የመንገደኞች በር ሆነ። በ1952 ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ልዕልት ኤልሳቤጥ እዚህ አርፋ፣ በሳምንት ውስጥ ንግሥት ሆና ከኬንያ ወጣች። በ1958 የኤምባካሲ አውሮፕላን ማረፊያ ሲከፈት የመንገደኛው አገልግሎት ወደዚያ ሄደና ኢስሊ ለጦሩ ተተወ። በኦገስት 1 ቀን 1982 የአየር ኃይሉ አባላት የሞከሩት መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ አየር ኃይሉ ፈርሶ እንደገና ተደራጀ፤ ጦር ሰፈሩም ዛሬ በቀድሞው ፕሬዚዳንት በሞይ ስም ይጠራል።

ኤፕሪል 1954

በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ደምቆ የተጻፈ፣ በሰፈሩ ወሬ ግን እምብዛም የማይነሳ ቀን ኤፕሪል 24 ቀን 1954 ነው። ማው ማው የተባለውን ፀረ ቅኝ ግዛት አመፅ ከናይሮቢ ለመንቀል እንግሊዞች «አንቪል» ያሉትን ዘመቻ የጀመሩት በዚያ ንጋት ነው። ወደ 25,000 የሚጠጋ ወታደርና ፖሊስ ከተማዋን ከብቦ ሰፈር በሰፈር፣ ቤት ለቤት አሰሰ። ኪኩዩ፣ ኤምቡና ሜሩ የሆነ ሁሉ ተለይቶ በጭነት መኪና ተጫነ። ከ20,000 በላይ ሰው ታስሮ ወደ ላንጋታ፣ ማኪኖን ሮድና ማንያኒ ካምፖች ተጋዘ። ጥፋት የተፈለገው በሰውየው ሥራ ሳይሆን በዘሩና በያዘው ወረቀት ነበር። ይህን ቀን አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ወሩም ፍተሻውም ከስድሳ ዓመት በኋላ ይመለሳሉ።

ኬንያ በዲሴምበር 1963 ነጻ ወጣች። በ1967 የወጡት የኢሚግሬሽንና የንግድ ፈቃድ ሕጎች ዜግነት ያልወሰደውን ሕንዳዊ ነጋዴ መተንፈሻ አሳጡት። ብዙዎች የእንግሊዝ ፓስፖርታቸውን ይዘው ወደ ለንደን ሲያመሩ እንግሊዝ በ1968 በሯን አጠበበች። በኢስሊ ቤቶች ተሸጡ። ገዢዎቹ በአብዛኛው ኪኩዩዎች፣ ከአሥር ዓመት በፊት በዘመቻው ሲባረሩ የነበሩት ሰዎች ወገን ነበሩ። አንድ ፈቃድ ተከልክሎ አንድ ማኅበረሰብ ወጣ፣ ሌላው ገባ። ሰፈሩ ከዚያ በኋላም የተለዋወጠው በዚሁ መንገድ ነው።

ሶማሌ የሆነ ኬንያዊ ደግሞ ዜጋ ሆኖም ከጥያቄው አላመለጠም። በ1989 መጨረሻ መንግሥት ከ18 ዓመት በላይ የሆነ የአገሩ ሶማሌ ሁሉ እንዲጣራና ተጨማሪ ሮዝ ካርድ እንዲይዝ አዘዘ። መታወቂያ ያለው ሰው ስለ መታወቂያው ሌላ መታወቂያ ተጠየቀ።

አልጋ ሥር የተከፈተ ገበያ

1991 የዘመናዊው ኢስሊ መነሻ ነው። በጃኑዋሪ የዚያድ ባሬ መንግሥት ወደቀ። በሜይ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በናይሮቢ በኩል ወደ ሐራሬ በአውሮፕላን ወጡ። ወታደሮቻቸውና ቤተሰቦቻቸው በሞያሌ በኩል የተሻገሩት ግን በእግራቸው ነው። ኬንያ እንደ ልማዷ ካምፕ ከፈተች፦ ለሶማሌው ዳዳብን፣ ለኢትዮጵያዊው በሰሜን ዋልዳን፣ ቀጥሎም ካኩማን። ዋልዳ በ1993 ሲዘጋ ነዋሪው ወደ ካኩማ ተጓጓዘ። ሙቀቱን፣ አቧራውንና የራሽን ሰልፉን ያልቻለ፣ ወይም ትንሽ ገንዘብ የቋጠረ፣ ካምፑን ትቶ ናይሮቢ ገባ። የሰው ሁሉ መሄጃ ኢስሊ ሆነ።

ጋሪሳ ሎጅ የዚህ ዘመን ምልክት ነው። እንግዳ ማሳደሪያ ነበር። ከሶማሊያ የመጡት ክፍል ተከራይተው ቀን ቀን ልብስና ሽቶ ደርድረው ይሸጣሉ፣ ማታ ዕቃውን አልጋ ሥር አስገብተው ከላይ ይተኛሉ። ቀስ በቀስ አልጋው ወጥቶ መደርደሪያው ቀረና ሎጁ ሱቅ በሱቅ ሆነ። ከዚያ አማል ፕላዛ መጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ዛሬ በአንደኛ አቬኑ ግራና ቀኝ የቆሙት ባለብዙ ፎቅ ገበያዎች ያን አልጋ አያት አድርገው ይቆጥሩታል።

የገበያውን ምስጢር ለመፍታት ብዙ ተጽፏል። ኒል ካሪየርና ኤማ ሎቸሪ በ2013 ባወጡት ጥናት ነገሩን ለሶማሌ የንግድ ችሎታ ብቻ አይሰጡትም። የኬንያ መንግሥት በዚያው ወቅት፣ በተለይ በ1993፣ የውጭ ምንዛሪና የገቢ ንግድ ቁጥጥሩን ማላላቱን ያነሳሉ። የዱባይ ዕቃ፣ የሐዋላ መረብና በእምነት የሚሰጥ ዱቤ የተገናኙት በሩ በተከፈተበት ሰዓት ነው። ይህ ማብራሪያ «ወንጀልና ኮንትሮባንድ ያቆመው ሰፈር» ከሚለው የጋዜጣ ወሬ ይሻላል፤ ምክንያቱን በሰው ጠባይ ሳይሆን በጊዜው ሁኔታ ይፈልጋል። ካሪየር በ2016 ያሳተመው «ትንሿ ሞቃዲሾ» የተሰኘ መጽሐፍ እስካሁን በሰፈሩ ላይ ከተጻፉት ሰፊው ነው። ኦሮሞውን፣ ሐበሻውን፣ ኪኩዩውንና ጫት አቅራቢውን ሜሩ አይዘልም፤ ርእሱ እንደሚያስታውቀው ግን ማዕከሉ ሶማሌው ነው።

ማንዴት፣ ኬዝ፣ ፕሮሰስ

የእኛ ኢስሊ የቱ ነው? የኢትዮጵያን ፖለቲካ በማዕበል የቆጠረ ሰው የኢስሊን ሐበሻ መቁጠር ይችላል። ከቀይ ሽብር ያመለጡ ጥቂቶች ቀድመው ደርሰዋል። 1983 ዓ.ም. ወታደሩን አመጣ። በ1993 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲው ግርግር በኋላ ተማሪ መጣ፤ ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ጋዜጠኛና የፓርቲ ሰው። በ2014 በአውሮፓ አቆጣጠር ብቻ ከ30 በላይ ጋዜጠኞች አገር ጥለው ወጥተዋል፣ ናይሮቢ ያረፉትም ብዙ ናቸው። በእነዚህ ሁሉ ማዕበሎች መሀል፣ አንዴም ሳይቋረጥ፣ ከቦረና፣ ከሐረርጌና ከወለጋ ኦሮሞው መጥቷል። የኢስሊ ኦሮሞ ቁጥር ከአማርኛ ተናጋሪው ቁጥር ይበልጣል ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ ክርክሩ ራሱ ሁለቱ በአንድ ደረጃ ላይ ተከራይተው እንደሚኖሩ ይነግራል።

ሌላው ጎርፍ ፖለቲካ የለበትም። ከሆሳዕናና ከከምባታ ተነስቶ ደቡብ አፍሪካ ለመድረስ የቆረጠ ወጣት በሞያሌ ገብቶ በደላላ እጅ ናይሮቢ ይደርሳል። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በ2009 ይህን የደቡብ መስመር ሲያጠና የኢስሊ ቤቶች መሸጋገሪያ መሆናቸው ተመዝግቧል። በር ተቆልፎባቸው ቀሪው ገንዘብ እስኪላክ የሚጠብቁ ልጆችን ፖሊስ ሲያገኝ ዜና ይሆናል፤ ደላላው ግን ከዜናው ውስጥ አይገኝም። ፓስፖርት የያዘ ኢትዮጵያዊ ለረጅም ዘመን ያለ ቪዛ ኬንያ ሲገባ መኖሩን የሚያውቅ ሰው፣ ይህን ሁሉ ድብብቆሽ ያመጣው ርቀት አለመሆኑን ይረዳል። ከአዲስ አበባ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ናይሮቢ እያንዳንዱ ወደ 800 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው መንገድ አስፋልት ከሆነ ወዲህ ቀናት ይፈጅ የነበረው ጉዞ በሰዓት ይቆጠራል፤ የሞያሌ አውቶቡስም የሚነሳው ከኢስሊ ነው።

እዚህ የሚኖር ሐበሻ የራሱ መዝገበ ቃላት አለው። የስደተኛነት ማረጋገጫው «ማንዴት» ነው። የእያንዳንዱ ሰው ታሪክ «ኬዝ» ይባላል። አሜሪካ ወይም ካናዳ ለመሄድ የሚጠብቅ «ፕሮሰስ ላይ ነው»። ፖሊስ ሲያስቆም የሚጠየቀው ስዋሂሊው «ኪቱ ኪዶጎ»፣ ትንሽ ነገር፣ ያለው ነው። ለእንጀራ ቤት፣ ለሥጋ ቤት፣ ለፀጉር ቤትና ለቡና ጠጪው ጨዋታ እነዚህ አራት ቃላት ማገር ናቸው። ሶማሌው ጥሪቱን ፎቅ ላይ ሲያፈስ ሐበሻው ጥሪቱን ኬዝ ላይ አፈሰሰ ብንል ብዙ አንሳሳትም። ልዩነቱ የታታሪነት አይደለም። ሶማሌው መሬት በስሙ የሚገዛለት ኬንያዊ ዘመድ ነበረው። ሐበሻው አልነበረውምና ኢስሊን እንደ አውቶቡስ መናኸሪያ ቆጠረው፤ መናኸሪያ ላይ ደግሞ ቤት የሚሠራ የለም። በጃኑዋሪ 2025 አሜሪካ የስደተኛ ቅበላዋን ስታግድ ግን፣ ስንት ዓመት ሻንጣ ላይ የተቀመጠው ሰው የሚኖርበትን ሰፈር እንደገና ዞር ብሎ ለማየት ተገደደ።

ሌላው ኤፕሪል

በኖቬምበር 18 ቀን 2012 አንድ ማታቱ ኢስሊ ላይ በቦምብ ጋየ፤ ሰው ሞተ፣ ሶማሌ የተባለ ሁሉ በድንጋይ ተሳደደ። በዲሴምበር 7 ከመስጊድ አጠገብ በፈነዳ ቦምብ ኢስሊን የሚያካትተው የካሙኩንጂ የምርጫ ክልል የፓርላማ አባል ዩሱፍ ሐሰን ክፉኛ ቆሰሉ። በዚያው ወር 18 ቀን መንግሥት በከተማ የሚኖሩ ስደተኞች በሙሉ ወደ ካምፕ ይግቡ አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች «ሁላችሁም አሸባሪዎች ናችሁ» ብሎ በሰየመው የሜይ 2013 ሪፖርት፣ በእነዚያ አሥር ሳምንታት ቢያንስ 1,000 ሰው በፖሊስ መደብደቡን፣ መዘረፉንና መታሰሩን ዘርዝሯል። ከተጎጂዎቹ መካከል ኢትዮጵያውያንም ይገኛሉ።

በጁላይ 26 ቀን 2013 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ትእዛዙን ሻረ። ከሳሹ ኪቱዎ ቻ ሼሪያ የተባለው የሕግ ድጋፍ ድርጅትና ስደተኞች ነበሩ። ዳኛው ስደተኛን ሁሉ ከከተማ ነቅሎ ማባረር የሰውን ክብርና የመንቀሳቀስ መብት ይጥሳል አሉ። በእኔ ግምት በኢስሊ ታሪክ ውስጥ ከጋሪሳ ሎጅ የማይተናነስ ቀን ይህ ነው። ከኢሲዮሎ ካምፕ ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው ደንብ ፊት ለፊት ተከስሶ የተረታው ያን ቀን ነው።

ድሉ ብዙ አልቆየም። በሴፕቴምበር 2013 በናይሮቢው የዌስትጌት የገበያ ማዕከል ላይ የሽብር ጥቃት ደረሰ፣ በማርች 31 ቀን 2014 ኢስሊ ላይ ፍንዳታ ስድስት ሰው ገደለ። በቀጣዮቹ ቀናት «ኡሳላማ ዎች» የተባለው ዘመቻ ተጀመረ። ኤፕሪል ነው፤ ከአንቪል ልክ ስድሳ ዓመት። እንደገና ቤት ለቤት፣ እንደገና በጭነት መኪና። ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው ተያዘ፤ ብዙዎቹ በካሳራኒ ስታዲየም ታጎሩ፣ ከፊሎቹ ወደ ካምፕና ወደ ሞቃዲሾ ተላኩ። የአንቪልን ታሪክ ትምህርት ቤት የሚያስተምር መንግሥት የአንቪልን ካርታ መልሶ ዘረጋ። አምነስቲ በዚያው ዓመት ሶማሌዎች የጸረ ሽብሩ ዘመቻ መስዋዕት ሆነዋል ሲል ጻፈ። ማንዴቱን ለፖሊስ ያሳየ ሐበሻም ማንዴቱ ሲቀደድ ያየበት ወቅት ነው።

ከበባው በ2020 በሌላ ስም ተመለሰ። ሜይ 6 ኢስሊና የሞምባሳ አሮጌ ከተማ በኮሮና ምክንያት መግቢያ መውጫቸው ተዘጋ፤ እገዳው እስከ ጁን መጀመሪያ ቆየ። ጤና ጠባቂው ሲምፕሰን ሰፈሮችን ለይ ካለ ከመቶ ዓመት በኋላ በሽታና አጥር እንደገና ተገናኙ። በሽታው እውነተኛ ነበር፣ እገዳውም በሌሎች ከተሞች ተሠርቶበታል። በዕለት ሽያጭ ለሚያድር ሰው ግን አንድ ወር ረጅም ነው።

ቀጥሎ ምን?

በ2021 የወጣውና በቀጣዩ ዓመት ሥራ ላይ የዋለው የስደተኞች ሕግ በወረቀት ደረጃ ሥራ የመሥራት መብትን አስፍቷል። በማርች 2025 ይፋ የሆነው የሺሪካ ዕቅድ ደግሞ ካምፖቹን ከአካባቢው ኅብረተሰብ ጋር ወደሚጋሩ ሰፈሮች ለመለወጥ ያስባል። በሕጉ ውስጥ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚከብድ አንድ አንቀጽ አለ፦ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አገር ዜጋ ከፈለገ ስደተኛነቱን ትቶ በማኅበረሰቡ ዜጎች መብት መኖር ይችላል። ሶማሊያ በማርች 2024 አባል ሆናለች። ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። አንድ ደረጃ የሚጋሩት ሁለት ጎረቤታሞች ነገ በሁለት ወረቀት ሊለያዩ ነው ማለት ነው፤ ልክ በ1919 ሶማሌውና ኪኩዩው እንደተለያዩት።

መቶ ዓመቱ ተጠቅልሎ ሲታይ ፍርዱ ግልጽ ነው። ኢስሊን ያቆሙት ባለፈቃዶች አይደሉም፤ ፈቃዱ እስኪመጣ ሳይጠብቁ አልጋ ሥር ዕቃ ያስቀመጡ ሰዎች ናቸው። መንግሥታት ግን፣ ቅኝ ገዢውም ነጻው መንግሥትም፣ ሰፈሩ ሲያስፈራቸው የሚያነሱት መሣሪያ አንድ ነው፦ ወረቀት መጠየቅ፣ ወረቀት የሌለውን መጫን። ይህ መሣሪያ ሰፈሩን አንድም ጊዜ ባዶ አላደረገውም፤ ነዋሪውን እየለወጠ ነው የኖረው።

ጽሑፉም ገና ጎዶሎ ነው። ሶማሌው ታሪኩን የጻፉለት ተመራማሪዎች አሉት፤ ኬንያዊው ማኅደር አለው። የኢስሊ ሐበሻ ታሪክ ያለው በማመልከቻ ፋይል ውስጥ ነው፣ እሱም የስደተኞች ቢሮ መዝገብ ቤት ተቆልፎበታል። የዋልዳን ካምፕ በዓይናቸው ያዩ አባቶችና እናቶች እያረጁ ነው። በአንደኛ አቬኑ ወይም በአሜሪካ ሚኒሶታ ያሉ ልጆቻቸው ስልካቸውን አውጥተው ይቅረጿቸው፦ የት ተሻገሩ፣ ማን አስጠጋቸው፣ የመጀመሪያውን እንጀራ ማን ጋገረላቸው። ለኢንተርቪው ስንት ጊዜ የተነገረ ታሪክ አንድ ጊዜ ለታሪክ ይነገር።